የማይንኮሻኮሽ ወረቀት

በራዲዮ ድራማ ሥራ ውስጥ ትልቁ ጠላት ወረቀት ነው። ሰው ጠላታችን የመኪና ጥሩምባ ወይም የጎረቤት ውሻ ይመስለዋል። አይደለም። ለጥሩምባውም ለውሻውም ወፍራም በር አለን፣ ግድግዳው ላይ ከላይ እስከ ታች የተለጠፈ ስፖንጅ አለን። ወረቀት ግን አብሮን ነው የሚገባው። ተዋናዩ ጽሑፉን ይዞ ማይክ ፊት ይቆማል፣ ገጹ ያልቅበታል፣ ይገልጣል፤ ኮሽ! አንዲት እናት የታመመ ልጇን እሹሩሩ እያለች ነው፣ የአድማጩ እንባ ሊመጣ ነው፣ መሀል ላይ ኮሽ። ይኼኔ ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠው የድምፅ ባለሙያ ጭንቅላቱን ይይዝና "እንደገና!" ይላል።

ይህን ሰውዬ "ባለ መስታወቱ" ነው የምንለው። ሰው አመስግኖ አያውቅም። ታዲያ እኔ ስቱዲዮው ውስጥ በገባሁ ገና በሁለተኛው ቀረጻ ሥራ አቁሞ በድምፅ ማጉያው፣ "ከዚህች ልጅ ተማሩ እስቲ!" አላለም መሰላችሁ? "ገጽ ስትገልጥ አንድም ጊዜ ሰምቻት አላውቅም። ምን ዓይነት እጅ ነው!" ሌሎቹ ተዋንያን በቅናት አዩኝ። እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ ምስጋናውን ተቀበልኩ። እንዴት ብሎ ይስማኝ! ገልጬ አላውቅማ።

ጽሑፉ እጄ ላይ አለ፣ ዓይኔም እሱ ላይ ነው፤ ግን ከወረቀቱ ጋር ሰላምታ እንኳ የለንም። ሁሉንም በቃሌ ይዤው ነው የምመጣው። የራሴን ብቻ አይደለም፤ የአባትየውን፣ የተከራዩን፣ በር አንኳኩታ ስኳር የምትበደረውን ጎረቤት ጭምር።

ማንበብ አልችልም ማለት ግን አይደለም። እንደዚያ የሚል ሰው ካለ ጠባችን የዛሬ ነው። ፊደል አውቃለሁ፤ አንድ በአንድ ብትጠሩልኝ ከነዘር ማንዘራቸው እነግራችኋለሁ። "ፊደሎቹ ዓይንሽ ላይ ይደንሳሉ ወይ?" ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ኧረ ምን ሠርግ አለና ይደንሳሉ! ችግሩ ሲሰለፉ ነው። የመጨረሻውን ፊደል ስይዘው የመጀመሪያው ከእጄ ወጥቷል። ዶሮ ወደ ቤቷ እንደማስገባት ነው፤ አንዷን ስታስገቡ ሌላዋ ትወጣለች። የማታ ማታ ሁሉም ይገባሉ፤ ግን እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ፣ እናንተ ደግሞ ገጹን ጨርሳችሁ ሻያችሁን አጋምሳችኋል።

ትምህርት ቤት ስሜ "ሰነፍ" ነበር። "አፏ ብቻ!" ይሉኝ ነበር መምህራኑ፤ ምክንያቱም በቃል ሲጠይቁኝ እመልሳለሁ፣ ጻፊ ሲሉኝ ጉድ ይፈላል። እናቴ "ዓይኗ ነው" ብላ ደምድማ በየጊዜው አዲስ መነጽር ታስገዛልኝ ነበር። በመጨረሻ፣ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ፣ አንዲት የዓይን ሐኪም አየችኝና "ዓይንሽስ ከእኔ ዓይን ይሻላል፤ ይልቅ ሌላ ሰው ይይሽ" ብላ ወደ አንድ ባለሙያ ላከችኝ። ስሙን የነገረኝ እሱ ነው። ዲስሌክሲያ። በሽታ አይደለም፣ ስንፍናም አይደለም፤ አእምሮሽ ጽሑፍ የሚይዝበት መንገድ ከብዙው ሰው ስለሚለይ ነው አለኝ። እናቴ "ስም አለው እንዴ! ተመስገን!" አለች። እኔ ከክሊኒኩ ደጃፍ ቆሜ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት። ከዚያ ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት ሰነፍ ያሉኝን ሁሉ እያስታወስኩ ተናደድኩ። ንዴቱ እስከ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም። ቤት ውስጥ ግን ስሙን አስተካክሎ የሚጠራልኝ አልተገኘም፤ እናቴ "ያ ነገርሽ" ትለዋለች፣ ታላቅ ወንድሜ "ዲስኮሽ" ይለዋል።

ጆሮዬ ግን ለብቻው ነው የተፈጠረው። አንዴ የሰማሁትን ከነሳሉ፣ ከነትንፋሹ እመልሰዋለሁ። አባቴ ከልጅነቴ ጀምሮ "ገደል ማሚቶ" ይለኛል፤ ሲያቆላምጠኝ ደግሞ ማሚቶ ብቻ። ስሙ ከቤት ወጥቶ ሰፈሩን አዳረሰ፣ በኋላም ስቱዲዮ ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

ከዚያ በፊት ጫማ መደብር ውስጥ ነበር የምሠራው። ደንበኛው ሲወጣ ድምፁን እየቀዳሁ የሥራ ጓደኞቼን ሳስቅ እውላለሁ። የድራማ ተዋናይ እንደሚፈለግ የሰማሁትም እዚያው፣ ከመደብሩ ራዲዮ ነው። ለፈተናው የሚነበበውን ጽሑፍ ቀደም ብለው ስለሚሰጡ ወንድሜ አነበበልኝ፣ እኔም ሄጄ አፈሰስኩት። አዘጋጇ ድራማውን የሚጽፉትም ራሳቸው ናቸው፤ እትዬ ነው የምንላቸው። እትዬ ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ "የቤቱን ባለቤት ልጅ ትጫወቻለሽ" አሉኝ። "ለሙከራ ነው ታዲያ። ልጅቷ ከአባቷ ተጣልታ ቤቱን ጥላ እስከምትሄድበት ክፍል ድረስ እናይሻለን። እሱን ከተወጣሽው ቋሚ ነሽ። ካልሆነልሽ ያው ጫማሽ አለልሽ።" በሕይወቴ እንደዚያ የፈለግኩት ነገር የለም። "ዝም በይ" እየተባለ ባደገ አፌ ሥራ ልይዝ ነው!

እናቴ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ "ያ ነገርሽን ንገሪያቸው" እያለች ነዘነዘችኝ።

"ልንገራቸውና ያባርሩኝ?"

"ተደብቃ ፀንሳ ሰው ሰብስባ ወለደች፣ ሲባል አልሰማሽም? ቀድመሽ ንገሪያቸው ብዬሻለሁ።"

ቀድሜ ነግሬም አይቼው ነበር እኮ። አንድ መሥሪያ ቤት ስልክ ተቀባይ አድርጎ ሊቀጥረኝ ሲል፣ እንደ ጨዋ ልጅ ሁሉን ነገር ዘርዝሬ ነገርኳቸው። ፈገግ ብለው "እንደውልልሻለን" አሉኝ። ይኸው እስካሁን እየደወሉልኝ ነው። ስለዚህ ለእትዬ ትንፍሽ አላልኩም።

ሥራዬ እንዲህ ነበር የሚሄደው። ጽሑፉን ከስቱዲዮ እቀበላለሁ፣ በቀጥታ ወደ ወንድሜ ፀጉር ቤት እሮጣለሁ። ወንድሜ ወረቀቱን በመስታወቱና በአልኮሉ ጠርሙስ መሀል ያቆመዋል፤ ቶንዶሱ በእጁ እያጓራ፣ ደንበኛ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ማንበብ ይጀምራል። እኔ ከጎን አግዳሚው ላይ ዓይኔን ጨፍኜ እሰማለሁ። ተራ የሚጠብቁት ደንበኞችም ቶሎ ቁረጠን ማለት ትተው ከእኔ ጋር ይሰማሉ። እንዲያውም አንዳንዱ ታሪኩን ለመጨረስ ሲል ፂም ጨምሮ ይላጫል። ችግሩ ወንድሜ ሲያነብ እጁም አፉም አያርፍም። "ልጄ ሆይ፣ ይህን ቤት... ቀና ይበሉ ጋሼ... ይህን ቤት የሠራሁት በላቤ ነው። ጎንበስ ይበሉ።" እኔ እንግዲህ ድራማውን ከፀጉሩ መለየት አለብኝ።

አንድ ጊዜ አልለየሁትም። የመጀመሪያው ቀረጻ ላይ ፍርሃቴ ለጉድ ነው። ከፊቴ የቆሙት ጋሽ ነጎድጓድ ናቸው፤ በድራማው አባቴ ናቸው። ነጎድጓድ ያሰኛቸው ድምፃቸው ነው እንጂ ከስቱዲዮ ውጭ ዝንብ አይነኩም፣ ኪሳቸው ሁልጊዜ የጉሮሮ ከረሜላ አይጠፋውም። እየተንሰቀሰቅኩ "አባዬ፣ ይቅር ይበሉኝ" ማለት ሲገባኝ፣ "አባዬ፣ ቀና ይበሉ" አልኳቸው። ጋሽ ነጎድጓድ ደንገጥ ብለው ወገባቸውን አቀኑ። ባለ መስታወቱ "አሁን ድምፅዎ ተከፈተ!" ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። አለፈልኝ እላችኋለሁ።

ወንድሜ ሌላም አመል አለበት። ፀጉር ይቁረጥ እንጂ ወሬ ሲሆን ይቀጥላል። ጽሑፉ ደብዘዝ ያለ ከመሰለው ከራሱ ጨመር ያደርጋል፤ እኔ ደግሞ የቱ የእትዬ፣ የቱ የእሱ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? "ጨምረሃል እንዴ?" ስለው፣ "እኔ? ምን ቆርጦኝ!" ይላል፣ ቶንዶሱን ወደ ላይ አንስቶ እየማለ።

ልጅቷ ቤቷን ጥላ የምትሄድበት ክፍል ሲመጣ ግን ወንድሜ ሌላ ሰው ሆነ። ቶንዶሱን አጠፋው። ለካ የራሱ ታሪክ ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ወንድሜን ከስፌት መኪናው ኋላ አስቀምጦ ሙያውን ሊያወርሰው ነበር የሚፈልገው፤ ወንድሜ ደግሞ "እኔ ፀጉር ነው የምቆርጠው" አለ። ተጯጯሁ። አባቴ "ከዚህ በር ከወጣህ ተመልሰህ እንዳትመጣ!" አለው፣ ወንድሜም ቃል ሳይመልስ ወጣ። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ። የማስታውሰው ነገር ቢኖር ያን ዓመት የቤታችን ቁልፍ ጠፋ ተብሎ በሩን በወንበር አስደግፈን እናድር እንደነበር ነው። ዓመት ሊሞላው ሲል አንድ ቀን ምሳ ላይ ወንድሜ መጣ፣ እጁን ታጠበ፣ ቁጭ ብሎ በላ። ማንም ምንም አላለም። አባቴ ከዚያ ወዲህ ፂሙን የሚያስላጨው እሱ ዘንድ ብቻ ነው፤ ስለዚያ ቀን ግን ሁለቱም አንዲት ቃል ተነጋግረው አያውቁም። በእኛ ቤት ወንዶች ስለ ኳስ እንጂ ስለ ሆዳቸው አያወሩም።

ወንድሜ ክፍሉን ቀስ ብሎ አነበበልኝ። አባትየው "ከዚህ በር ከወጣሽ ተመልሰሽ እንዳትመጪ!" ይላል። ወንድሜ የጠፋውን ቶንዶስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና የልጅቷን መልስ አነበበ። እኔም ያዝኩት።

የቀረጻው ቀን ጠዋት ስቱዲዮው ቅዝቅዝ ብሏል። ቀረጻ መጀመሩን የሚያሳየው ቀይ መብራት በራ። ጋሽ ነጎድጓድ ከረሜላቸውን ወደ ጉንጫቸው ገፋ አደረጉና እንደ ስማቸው አጓሩ።

"ከዚህ በር ከወጣሽ ተመልሰሽ እንዳትመጪ!"

ወረቀቴን እያየሁ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "እሺ አባዬ" አልኩ። "በሩን ግን አይቆልፉት። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።"

ከዚያ በኋላ ጋሽ ነጎድጓድ "ሂጂ!" ብለው መጮህ ነበረባቸው። አልጮሁም። ወረቀታቸውን አዩ፣ ገለጡ፣ መልሰው ገለጡ። ኮሽ፣ ኮሽ፣ ኮሽ። ባለ መስታወቱ "ኧረ ወረቀት!" ብሎ ጮኸ።

"ይቺ ቁልፍ የምትል ነገር እኔ ጋ የለችም" አሉ ጋሽ ነጎድጓድ።

እትዬ ወፍራሙን በር ገፍተው ገቡ። "እኔም ጋ የለችም። ማሚቶ፣ ከየት አመጣሽው?"

ወንድሜን በዚያች ደቂቃ ባገኘው በራሱ ቶንዶስ ነበር የምላጨው። የምፈልግ መስዬ ወረቀቴ ላይ አፈጠጥኩ፤ ሁሉም እኔን ነው የሚያየው፤ እውነቱን ብናገር የሚጠብቀኝ ጫማ መደብር ትዝ አለኝ። "እ... መጣልኝ" አልኩ።

"መጣልኝ?" አሉ እትዬ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። "በእኔ ጽሑፍ ላይ ማንም 'መጣልኝ' አይልም።" ወረቀታቸውን አገላበጡ። "ግን... ቁልፉ እኔ ጋ ነው... ይሄ ክፍል መጨረሻው ጠፍቶብኝ ነው የሰነበትኩት። 'እሺ አባዬ' ብላ ብቻ የምትሄድ ልጅ ምን ልጅ ናት? ቆዩ እስቲ። ቁልፉ እሷ ጋ ከሆነ አባትየውም መልስ ያስፈልገዋል።" ጥግ ይዘው መጻፍ ጀመሩ። ጋሽ ነጎድጓድ ጠቀሱኝ፣ ከረሜላም ሰጡኝ። እኔም፣ አይ የሰው ነገር፣ በወንድሜ ላብ ደረቴን ነፋሁ።

ደረቴ ተነፍቶ ብዙ አልቆየም። እትዬ ብድግ አሉና ወረቀት አደሉን። "ትኩስ ነው፤ ሳይቀዘቅዝ እንሂድ!"

የእጅ ጽሑፍ! ያውም የእትዬ የእጅ ጽሑፍ፣ የተሰረዘው ካልተሰረዘው የሚበዛበት። ቀዩ መብራት በራ፣ ጋሽ ነጎድጓድ አዲሱን መልሳቸውን ሳይደናቀፉ አነበቡት፣ ተራው የእኔ ሆነ። የመጀመሪያውን ቃል ያዝኩት፤ ሁለተኛው ላይ ስደርስ የመጀመሪያው ወጣ። መልሼ ያዝኩት። ጋሽ ነጎድጓድ በከንፈራቸው ሊነግሩኝ ሞከሩ፤ ጭራሽ አደናገሩኝ። ስፖንጅ በተለጠፈበት ክፍል ውስጥ ዝም ሲባል የራስ ልብ ይሰማል።

"ማሚቶ?" አለ የእትዬ ድምፅ በማጉያው። "ምን ሆነሽ ነው?"

ሆዴን ቁርጠት ያዘኝ ልል አፌን ከፈትኩ። ቁርጠት ትምህርት ቤት እያለሁ ብዙ ጊዜ አድኖኛል። ግን የዛሬውን ብድን ነገስ? ነገም ትኩስ ወረቀት ይመጣል። ደግሞም ሰለቸኝ፤ እውነቴን ነው፣ ዕድሜ ልኬን ሆዴን መታመም ሰለቸኝ።

"ሰነፍ አይደለሁም!" አልኩ።

ማንም ሰነፍ ነሽ አላለኝም ነበር። ጋሽ ነጎድጓድ ከረሜላቸውን ዋጡት መሰለኝ ሳል ጀመሩ።

"ጽሑፍ እንዲህ ድንገት ሲሰጠኝ ማንበብ አልችልም" አልኩ። "ጊዜ ካገኘሁ አነባለሁ፤ ግን ቀስ ብዬ ነው፣ በጣም ቀስ ብዬ። ዲስሌክሲያ ይባላል። እስከ ዛሬ ያነበብኩላችሁ አንድም ቀን የለም። ወንድሜ ፀጉር እየቆረጠ ያነብልኛል፣ እኔ በጆሮዬ እይዘዋለሁ። የቁልፉ ነገርም የእኔ አይደለም። አልመጣልኝም። የእሱ ነው።"

ከመስታወቱ ጀርባ መጀመሪያ የተሰማው ሳቅ ነው። "ለዚህ ነዋ የማይንኮሻኮሸው!" አለ ባለ መስታወቱ፤ ጠረጴዛውን ይደበድባል። "እኔ ደግሞ ሰውን ሁሉ ሰብስቤ ከእሷ ተማሩ እላለሁ!" ጋሽ ነጎድጓድም "ያ 'ቀና ይበሉ' ያልሽኝስ?" አሉ፤ የማን እንደሆነ ስነግራቸው ማይኩ እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ።

እትዬ አልሳቁም። ገብተው ፊቴ ቆሙ። "ስሚኝ። እኔ ጽሑፍ የማደርሰው ቀረጻው አንድ ቀን ሲቀረው ነው። አንዳንዴም እንዳየሽው ቆሜ ነው የምጽፈው። ምን ላድርግ? ወንድምሽን ከነደንበኞቹ እዚህ ላስገባው?"

ልክ ናቸው። በዚህ አልተቀየምኳቸውም። "አንዴ ያንብቡልኝ" አልኩ። "አንድ ጊዜ ብቻ።"

"ካልሆነስ?"

"ካልሆነ ያው ጫማዬ አለልኝ።"

አነበቡልኝ። እትዬ ጥሩ ይጽፋሉ እንጂ ሲያነቡ ለጉድ ነው፤ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ መሀል ላይ ያቆማሉ፣ ከራሳቸው ጋር ይጣላሉ። ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁ። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ ስፈራ ደግሞ መለየት እንደማልችል ነግሬያችኋለሁ። የአባትየውን፣ የልጅቷን፣ ሁሉንም በእትዬ ድምፅ መለስኩት። "እህ እህም! 'የሰው ቁልፍ ይዘሽ የት ልትሄጂ ነው? አምጪው!' ቆይ፣ 'ልትሄጂ' ይሻላል ወይስ 'ትሄጃለሽ'? ይሁን። 'ስመለስ እሰጥዎታለሁ፣ አባዬ።' ኤጭ፣ ይሄ እስክሪብቶ!"

"እንዲህ ነው እንዴ የማነበው?" አሉ እትዬ።

"ከዚህም ይብሳል" አሉ ጋሽ ነጎድጓድ።

እትዬ ከንፈራቸውን ነክሰው ሊቋቋሙት ሞከሩ፤ አልቻሉም፣ ፈነዱ። ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋቸው ያኔ ነው። እንባቸውን ጠርገው "በይ አሁን ያለ እስክሪብቶው" አሉኝ፣ መብራቱም በራ። ድምፁን ለልጅቷ መለስኩላት። ወረቀቱን መሬት አስቀመጥኩት፤ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል? ባዶ እጄን ጋሽ ነጎድጓድን ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ተናገርኩ፣ እሳቸውም ወረቀታቸውን ረስተው መለሱልኝ። ባለ መስታወቱ "እንደገና" አላለም።

ስወጣ እትዬ በሩ ላይ ያዙኝ። "ባለ መስታወቱ ጽሑፉን እያነበበ ቀድቶ ስልክሽ ላይ ይልክልሻል፤ አስቀድሞ መናገር ብቻ ነበር የሚጠበቅብሽ። ሁለተኛ 'መጣልኝ' ብትይኝ ግን አንተዋወቅም።"

"እሺ እትዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ለዚያ ለፀጉር ቆራጭም ንገሪው፤ ጽሑፌን እንዳይነካብኝ። ይቺን አንዷን ትቼለታለሁ።"

"እና... የልጅቷ ድምፅ..."

"ሌላ ማን ሊሆን ነው! ሂጂ አሁን፣ በሩን እንዳትይዢብኝ።"

እየዘለልኩ ነው የሄድኩት፤ የመንገዱ ሰው ሁሉ ያየኛል፣ ይየኝ! እናቴ ሰምታ አቀፈችኝ፣ ወዲያው ደግሞ "ብዬሽ ነበር" አለች፤ ሳትል ማደር አትችልም። ወንድሜ ግን አኮረፈ። "እና አሁን ያ ሰውዬ ነው የሚያነብልሽ?"

"እሱ ሲያነብ አይጨምርማ።"

"ታዲያ ምን ዓይነት ንባብ ነው?" አለ፣ የምሩን ተቀይሞ።

ክፍሉ የተላለፈው እሁድ ከሰዓት ነው። ፀጉር ቤቱ ጢም ብሏል፤ የሚቆረጥ ፀጉር የሌላቸው ሰዎች ሳይቀሩ መጥተዋል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው አባቴ ነው። ፎጣው አንገቱ ላይ ነው፣ አገጩ በሳሙና አረፋ ተሸፍኗል፣ ወንድሜ ምላጩን ይዞ ከኋላው ቆሟል። ራዲዮው መደርደሪያው ላይ ነው። ድምፄ ሲወጣ ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ አባቴ ግን ራዲዮውን ብቻ ነው የሚያየው።

ጋሽ ነጎድጓድ አጓሩ። "ከዚህ በር ከወጣሽ ተመልሰሽ እንዳትመጪ!"

የወንድሜ እጅ አየር ላይ ቆመ። ያኔ ነው የገባኝ። የጨመረው ደብዝዞበት አይደለም፤ ያን ቀን በሩ ላይ ሊለው ፈልጎ ያልወጣለትን ነው የጨመረው። እኔ ደግሞ ወስጄ ለሀገር ምድሩ አሰማሁበት።

"እሺ አባዬ" ይላል የእኔ ድምፅ። "በሩን ግን አይቆልፉት። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።"

"የሰው ቁልፍ ይዘሽ የት ልትሄጂ ነው? አምጪው!"

"ስመለስ እሰጥዎታለሁ፣ አባዬ።"

የበር ድምፅ ተሰማ፣ ሙዚቃው ገባ። አንዱ ደንበኛ ማጨብጨብ ጀመረና የሌሎቹን ፊት አይቶ አቆመ። ወንድሜ ምላጩን እንደያዘ መስታወቱ ውስጥ አባቴን ያያል፤ አባቴም በመስታወቱ እሱን ያያል። ከአረፋው በላይ የሚታየው ዓይኑ ብቻ ነው።

"ሌላ ቁልፍ ማስቀረጽ አቅቶኝ መሰለህ" አለ አባቴ፣ "ያን ዓመት ሙሉ በሩን ሳልቆልፍ ያደርኩት?"

ወንድሜ ምላጩን ውሃ ውስጥ ነከር አደረገ። ፎጣውን አስተካከለ። ከዚያ የአባቴን አገጭ በሁለት ጣቱ ከፍ አደረገና፣

"ቀና ይበሉ፣ አባዬ" አለው።